የኩዌትን የመንገድ ሕግ የተማርኩበት ክረምት

ባለፈው ሰኞ ከመቂ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ቆቃ ላይ ዓሣ ልበላ ቆምኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ጥብሱን ዳጣ እያስነኩ ከስልካቸው ላይ የዱባይን የመንገድ ሕግ ይጠያየቃሉ። «አደባባይ ስትደርስ ቅድሚያ የማን ነው?» አለ አንደኛው። ሌላው ሲያመነታ መልሱ እኔ አፍ ላይ መጣ፤ ውስጥ የገባው ቅድሚያ አለው። ሃያ አምስት ዓመት አለፈው፣ አልረሳሁትም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከከምባታ መጥቶ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ያረጀ ሰው ነው። እኔ እዚያው የሠራተኞች ካምፕ ተወልጄ፣ አዳማ ቤት ተከራይቼ መኪና መንዳት ተማርኩ። አንድ ደላላ ኩዌት ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሹፌር ይፈልጋል ሲለኝ፣ ከእኔ ይልቅ ደስታው የአባቴ ሆነ። በማግስቱ ያልሰማ የካምፕ ሰው አልነበረም።

የአገሩን ሕግ ያስተማሩኝ ጋሽ ኑሩ ናቸው። ወሎዬ ናቸው፤ ብዙ ዓመት አረብ አገር ነድተው ተመልሰው አዳማ ገበያ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ እሳቸው ምልክቶቹን ካርቶን ላይ እየሳሉ ያሳዩኛል። ደጁ ጭቃ ነው፤ እኔ ግን በሐሳቤ ደረቅና ሰፊ አስፋልት ላይ ነበርኩ። ሰው ያላየውን ከተማ መንገድ እንዲህ ሊወድ መቻሉ እስከዛሬ ይገርመኛል።

«መስታወቱ የኋላ መኪና ማያ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ከኋላ የተቀመጡትን ሴቶች እንዳታይበት። ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም።»

ነሐሴ ላይ ለጤና ምርመራ አዲስ አበባ ሄድኩ። ራጁ ሳንባዬ ላይ ጠባሳ አሳየ። በልጅነቴ ሳንባ ነቀርሳ ታምሜ መድኃኒቱን ጨርሼ ድኛለሁ ብል ማን ይስማኝ? አታልፍም ተባልኩ።

ለአባቴ መናገር አቃተኝ። ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ጋሽ ኑሩ ሱቅ መመላለሴን ቀጠልኩ። ደላላው ነግሯቸው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ እሳቸው ግን ትንፍሽ ሳይሉ ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

አንድ ጠዋት አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ዝናብ አበስብሶት መጣ።

«እስቲ ልጄ ያወቀውን ልይ» ብሎ ተቀመጠ። ማንበብ አይችልም። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሳልኝ።

«ይሄስ?»

«መቅደም ክልክል ነው።»

«ይሄስ?»

«ግመል ያቋርጣል።»

ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ኑሩ ጀርባቸውን ሰጥተውን ብሎን መደርደር ጀመሩ። «ጎበዝ! መቼ ነው እንግዲህ የምትሄደው?» አለኝ አባቴ።

«አባባ፣ አልሄድም። በሳንባዬ ምክንያት ጣሉኝ።»

 ካርቶኑን በቀስታ አስቀመጠና ወጣ።

ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። «ለካምፑ ሰዎች ሄዷል ብያቸዋለሁ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ሁሉም መርቀውሃል፤ ምን ልበል? ለጊዜው ወንጂ አትምጣ።»

ለጊዜው የተባለው አራት ዓመት ሆነ። ከአዳማ ወንጂ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔ አዳማ ሆኜ የካምፕ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ጋሽ ኑሩ ሱቅ ውስጥ እንገናኛለን። አንዴ «አሁንስ ልምጣ፣ አባባ?» አልኩት። «ባዶ እጅህን?» አለኝ። ደግሜ አልጠየቅኩም።

ከዚያ አባቴ ሁለት ቅዳሜ ከገበያ ቀረ። ሄጄ ልየው ወይስ ቃሉን ልጠብቅ እያልኩ ስዋልል፣ በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ኑሩ አስጠርተው መርዶውን ነገሩኝ። ወንጂ የገባሁት ለቀብሩ ነው። ሰው ሁሉ መታመሙን ሰምቼ ከኩዌት የበረርኩ መስሎት፣ «ከባሕር ማዶ ደረሰልህ!» እያለ አለቀሰ።

ዛሬ ያላየሁት አገር አይቆጨኝም። አባቴ የተኛባቸውን እነዚያን ሁለት ሳምንታት ግን በምንም አልመልሳቸውም። እውነቱን ለካምፑ ሰው እንዳልናገር፣ ውሸታም የሚባለው እሱ ነው፤ ቆሞ የሚመልስበት አፍ የለውም። አሁንም ወንጂ ስሄድ አሮጊቷ ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ እጄን ይዘው፣ «የኩዌት ሙቀት እንዴት አድርጎህ ነበር?» ይሉኛል።

«ይከብዳል፣ እትዬ» እላቸዋለሁ።