ጣትህ ይመስክር

የአጎቴ አርባ ከወጣ በኋላ ጠመንጃቸው ወደ እኔ ቤት መጣ። ሰው ሁሉ ከአያቶቻቸው የወረደ ምንሽር ይመስለው ነበር። እሳቸው ግን "አስመስለው የሠሩት ነው፤ የሚያመጣው ሞት ግን እውነተኛ ነው" ይሉ ነበር።

ዳባት ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ አጎዛ አንጥፈው በየወሩ ፈትተው ያጸዱት ነበር። ዘይትና ጨርቅ ሳይነኩ አስቀድመው መቀርቀሪያውን ይስቡና ጣታቸውን ጥይት ከሚጎርስበት ያስገባሉ። "ዓይን ይቸኩላል፤ ጣትህ ይመስክር" ነበር ቃላቸው። እኔም እንዲሁ ካላደረግሁ "አሁን አመንኩህ" አይሉኝም ነበር።

አንድ ቀን ደባርቅ ለቀብር ተኩሼበት መለስኩላቸው።

"ባዶ ነው፣ አጎቴ።"

"በጣትህ አየኸው?"

"ምነው፣ ልጅ ነኝ እንዴ? ጥይቱን ጨርሼዋለሁ።"

የስድስት ዓመት ልጄ ደጃፉ ላይ የባቄላ እሸት ትፈለፍል ነበር። "እንግዲያው ወደ ልጅህ አዙረህ ቃታውን ሳበው" አሉኝ።

እጄ እምቢ አለ። በንዴት መቀርቀሪያውን ስስበው አንድ ጥይት ተፈናጥሮ አጎዛው ላይ ወደቀ። የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ፤ ለካ እሳቸውም ባዶ መስሏቸው ኖሯል።

ልጆቼን ስመክር እውላለሁ። ያን ዕለት ልጄን ያተረፋት ግን ፍርሃቴ እንጂ ዕውቀቴ አልነበረም።

ትናንት ላጸዳው አጎዛቸውን አነጠፍኩ። ጣቴን አስገባሁ፤ ባዶ ነው። ቀና ብዬ ጠበቅሁ። "አሁን አመንኩህ" የሚለኝ የለም። ጣቴን እንደገና አስገባሁ።