የቁርቁራው ዘበኛ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። የከተማው ሰዎች ድሬ፣ ከዚራ ካለው ቢሮ ዕቅድ ይዘው ቀበሌያችን መጡ። በወንዙ ዳር ያለው አገር በቀል ዛፍ፣ ግራሩም ቁርቁራውም፣ ከእንግዲህ እንዳይነካ ይላል። ዕቅዱ መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬም እንዲያ ነው የምለው። ከሰል አክሳዮች ዳሩን ራቁቱን ሊያስቀሩት ምንም አልቀራቸውም።

ስብሰባው ላይ አስተያየት ያለው ሲባል ግን አላስችል አለኝና እጄን አወጣሁ።

«ቀሲል የሚለቅሙትን ሴቶች ከከሰል አክሳዩ ጋር አትደምሯቸው። እነሱ ቅጠል ነው የሚያወርዱት። ኑሯቸው በዛፉ ስለሆነ ከማንም በላይ ይጠብቁታል።»

ቀሲል ማለት የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ ሲወቀጥ ነው፤ ሶማሌዎቹ ሴቶች ፀጉርም ፊትም ይታጠቡበታል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሳቀ። «ጓድ ዛፍ ያውቃል! እንግዲያው ዘበኛው እሱ ይሁን። የምትደግፉ?»

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ፤ ሚስቴ ጭምር።

እንቢ ማለት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰፊው ሕዝብ መርጦት በቃኝ ያለ ሰው የሚሰጠው ስም ሌላ ነው። ከሰል አክሳይም ሆነ ቅጠል ለቃሚ እንዳላስገባ ታዘዝኩና ዱላ ይዤ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ጆንያዋን ይዛ መጣች። ባል የሞተባት፣ አራት ልጅ በቀሲል የምታሳድግ ሶማሌ ናት።

«አቦ፣ ትናንት ስለ እኛ ተናገርክ፤ ዛሬ ዱላ ይዘህ ቆምክብን?»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

«ቤት ምን አለና? ወላሂ አልሄድም። ከፈለግህ ምታኝ።»

ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ፤ እሷ ለቀመች። ሳምንታት እንዲህ ሄድን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሊቀመንበሩ ለቁጥጥር መጥቶ ከነጆንያዋ ያዛትና ሁለታችንንም ቀበሌ ወሰደን። ፊት ለፊቴ ወረቀት አስቀመጠ።

«ሳላውቅ ገባች ብለህ ፈርም፤ ቤትህ ትገባለህ።»

«እሷስ?»

«የእሷ ጉዳይ አንተን አይመለከትህም።»

ማንበቤ ቀርፋፋ ነው። ፊደል በፊደል ስቆጥር እሱ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። ስጨርስ፣ «ይሄ ውሸት ነው። ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ እንዲያ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ጻፈ። ጥፋቱ የዘበኛው ሆነና እሷን ለቀቋት፤ በእኔ ላይ የቀበሌው እስር ቤት ተዘጋ። በዚያ በድሬ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ሥር፣ እግር ለመዘርጋት ተራ እንጠብቃለን። ስንት ቀን እንደምቆይ የሚነግረኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ምግብ ይዛልኝ መጣች። ደንቡ ነውና ጠባቂው መጀመሪያ ራሷን አስቀመሳት፤ ከዚያ በበሩ ቀዳዳ አቀበለችኝ። ጣቶቿ አረንጓዴ ናቸው።

«አዲስ ዘበኛ አልሾሙም እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ቅርንጫፍ እንዳትሰብሪ!»

«አንተ ደግሞ! እዚያ ገብተህም ዘበኛ ነህ?»

ጠባቂው በቃ አለና ቀዳዳውን ዘጋው።