ማንጎውን ያላስቆረጡት እትዬ የሺ

በጁባ፣ ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር በከፈቱት ምግብ ቤት ስንቱን ሀበሻ ያጎረሱት ወይዘሮ የሺመቤት፣ እኛ እትዬ የሺ የምንላቸው፣ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። እኔ ወጥ ቤታቸው ገብቼ ሙያ የተማርኩ ነኝ። ለቅሷቸው ላይ ሰው በመሳቁ የተቀየማችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ቤቱን ሲከራዩ በግቢው መካከል አንድ ትልቅ ማንጎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ጠረጴዛ ይጨምር ነበር። እርሳቸው ግን ለግንዱና ለቅርንጫፎቹ ማለፊያ ሰፊ ቀዳዳ አስተርፈው ጣሪያ አስመቱ። ዝናብ ሲመጣ ደንበኛ ሳህኑን ይዞ ይነሣል፤ ፍሬው ሲበስል ደግሞ ሽሮው ውስጥ ዘጭ ይላል። ያጉረመረመ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፦ «ወንድሜ፣ እሱ ከእኛ በፊት የገባ ተከራይ ነው።»

«ሰው በዚህች ምድር ላይ ከተከራይ አይበልጥም» ይሉ ነበር። «ጥሩ ተከራይ ቤቱን እንደተረከበው አድርጎ ይለቃል፤ ከኋላው የሚገባ አለና።» ይህን እያሉ የሽንኩርቱን ልጣጭ ከዛፉ ሥር ይቀብራሉ፤ የአትክልት ማጠቢያውን ውኃ ያጠጡታል። እኛም «ኪራይ እየከፈሉ ነው» እያልን እንስቅባቸው ነበር።

አከራያችን አቶ ላዶ ግን ፎቅ ሊሠሩ አሰቡና አንድ ቀን ባለመጋዝ አስከትለው መጡ። «ማማ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ዛፉ ዛሬ ይቆረጣል» አሉ። እኛ ደነገጥን። እትዬ የሺ ግን ፈገግ ብለው፣ «እሺ፤ መጀመሪያ ምሳ ብሉ። በባዶ ሆድ መጋዝ አይያዝም» አሉና ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። የጁባን የቀትር ፀሐይ ታውቃላችሁ። ሁለቱም ጠግበው በልተው እዚያው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ባለመጋዙ ሲነቃ ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየና፣ «የተኛሁበትን ጥላ እኔ አልቆርጥም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ መጋዙን አንጠልጥሎ ሄደ። አቶ ላዶም ነገሩን ለሌላ ጊዜ አሳደሩት።

እትዬ የሺ ሲያርፉ ከሐዘኔ ጋር አንድ ፍርሃት ነበረብኝ። ከእንግዲህ ለዛፉ ማን ይከራከርለታል? አቶ ላዶ እዚያው ግቢያችን ለቅሶ መጥተው ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። እኔን ሲያጽናኑ አንድ የበሰለ ማንጎ ትከሻቸው ላይ ዘጭ አለ። ኮታቸውን እየጠረጉ ወደ ላይ ቀና ብለው፣ «ማሌሽ፣ ማማ፣ ይቅርታ፣ ሰምቻለሁ። አልነካውም» አሉ። ለቀስተኛው የሳቀው ያኔ ነው። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

እትዬ የሺ፣ ቤቱን እንደተረከቡት አድርገው ለቀውልናል። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል፤ ትናንት ዘንቦብን ሁላችንም ከነሳህናችን ተነሣን። ማንም አላጉረመረመም። በሰላም ይረፉ፣ እናቴ። የዛሬውን የሽንኩርት ልጣጭ ቀብሬያለሁ።