ከጃፓን የመጣው ሞተር

የአባቴ ሚኒባስ ወደ ዳባት በሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሩ አቅም አንሶት ተሳፋሪ እንደያዘ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ቀን እኔም ከአባዬ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ውስጥ ስገባ የበሩን እጀታ አልለቅም። አባዬም ያገለገለ ግን ዳገት የሚችል ባለ ቱርቦ ሞተር ሊያስገጥምላት ወሰነና ቀሐ ሰፈር ወዳለ የሞተር ሻጭ አብረን ሄድን።

"በቀጥታ ከጃፓን የመጣ ነው፤ የሐበሻ እጅ አልነካውም!" አለ ሻጩ፣ ቀለም ተቀብቶ የሚያብለጨልጨውን ሞተር እንደ ሙሽራ እየደባበሰ።

አባዬ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ ጠጋ ብዬ ሳይ የዘይት መለኪያው ላይ ጥቁር ክር ታስሯል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለች። የኛ ሾፌሮች ሞተር ሲያስቸግራቸው የሚያስሩት ማዕተብ ነው!

ዘንድሮ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ለምጃለሁ። እዚያም አወጣሁ፤ የምሬን ነው።

"ጋሼ፣ ጃፓኖች ማዕተብ ያስራሉ እንዴ?"

ሻጩ ክሩን ሊፈታ እጁን ሰደደ። አባዬ ግን ጎንበስ ብሎ መስቀሏን ተሳለማት።

"አየሽ ልጄ፣ ከጃፓን ድረስ ጠብቃ ያመጣችው እሷ ናት" አለኝና ወደ ሻጩ ዞረ። "በል ይጫንልኝ!"