የፉርኖ ቤቱ ላይኛው ክፍል

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለቅሶ ልደርስ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ፒያሳ ላይ፣ ከድሮው ፉርኖ ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ ወጣት ሜትር ዘርግቶ በሩን ሲለካ አየሁ። አይቶ ማለፍ አልፈጠረብኝም።

"ልታፈርሱት ነው?" አልኩት።

"ገና አልተወሰነም እማማ። ቅርስ ይሁን አይሁን እያጠናን ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የተፈጸመ ታሪክ ያውቃሉ?"

የትኛው ራስ እንዳደረበት፣ የትኛው ጄኔራል ቡና እንደጠጣበት እንድነግረው ነው የፈለገው። እኔ የማውቀው ሌላ ነው።

ቤቱ የጣሊያን ጊዜ ሥራ ነው፤ ጥርብ ድንጋይ፣ የእንጨት ሰገነት። ከፊት ሻይ ቤቱ፣ ከኋላ ምድጃው፣ ከምድጃው በላይ ደግሞ የዱቄት ክፍል። በደርግ ጊዜ ተወርሶ ቀበሌ ነበር የሚያስተዳድረው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እስኪመጣ ባንኮኒው ላይ ሻይና ፉርኖ እሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት የደሴ ጉም እስከ በራችን ይመጣና የትኩሱ ፉርኖ ሽታ ገፍቶ የሚመልሰው ይመስለኝ ነበር። የዛሬ ዳቦ ሲነክሱት አየር ነው፤ ያ ፉርኖ ግን ቅርፊቱ ጥርስ ይፈትን ነበር።

እኛ ጴንጤዎች ነን። ያኔ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር። ያስጠጋን የምድጃው ሹም አያ ሰይድ ነው፤ ሶላት የማያልፈው፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ ሽማግሌ። እሑድ ከሰዓት ለማታው ዳቦ የሊጥ ማሽኑ ሲነሳ ጩኸቱ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። እናቴና ጥቂት ሴቶች ዱቄት ሊገዙ የመጡ መስለው በጓሮ ደረጃ ላይ ይወጡና በማሽኑ ጩኸት ተከልለው ይዘምራሉ። እኔን እናቴ፣ "አንቺ ጸሎት ላይ ከምትቁነጠነጪ ታች ሆነሽ በር ጠብቂ" ብላ መደበችኝ። ሰው ከመጣ ትሪ መጣል ነበር ምልክቱ።

አንድ እሑድ የቀበሌው ካድሬ ገባና ሻይ አዘዘ። ትሪውን ላነሳ እጄን ስሰድ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ከጣሪያው በኩል የሴቶች ዝማሬ ጥርት ብሎ ወረደ። ካድሬው ብርጭቆውን ከአፉ አራቀ።

ወዲያው ከጓዳ የአያ ሰይድ ድምፅ ተነሳ። መንዙማ ነው። ሠራተኞቹ ተቀበሉት፤ ሊጥ በነካው እጃቸው ገበታውን እየደቁ፣ እያጨበጨቡ። ላይ ያሉት እስኪሰሙና ዝም እስኪሉ ድረስ አላቋረጡም። ካድሬው ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

"ጓድ ሰይድ፣ ይሄ ዳቦ ቤት ነው መስጊድ?"

"ማሽኑ ቆመ ጓድ። ሊጥ በእጅ ሲቦካ ያለ መንዙማ ክንድ አይታዘዝም።"

"ላይስ ምን አለ?"

"ላይማ ዱቄትና አይጥ።"

"አይጦቹም ይዘምራሉ?"

"የወሎ አይጦች ናቸዋ። ዜማ ይወዳሉ።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ካድሬው አልሳቀም፤ በጓሮ ዞሮ ላይ ሲደርስ ግን ሴቶቹ ወጥተው ነበር። በማግስቱ ቢሮ አስጠርቶት፣ "ላይ ማን እንደነበር ንገረኝና ሥራህ ላይ ቆይ" አለው። አያ ሰይድ ከዱቄትና ከአይጥ ሌላ ቃል አልወጣውም። በመንግሥት ሥራ ቦታ ሃይማኖት ሰብኳል ተብሎ፣ በልጅነቱ ከገባበት ምድጃ ተነስቶ ኮምቦልቻ እህል መጋዘን ጆንያ እንዲሸከም ተላከ።

እናቴ እንቅልፍ አጣች። በኋላ፣ ቤት የጋገረችውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛኝ ኮምቦልቻ ወረደች። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለንና ሹራባችንን አወለቅን። አያ ሰይድን መጋዘኑ በር ላይ፣ ጥላ ስር ተቀምጦ አገኘነው። ቅንድቡ ጥቁር ሆኗል። እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

"አብሽሪ እህቴ። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ እንጀራ አይጠፋም" አለና ዳቦውን ቆርሶ አየው። "ሊጡ ሳይደርስ ነው የጋገርሽው።" ትንሽ ሳቅን። እያላመጠ፣ "እሑድ እሑድ እንዴት ነው? ላይኛው ቤት ትሰበሰባላችሁ አይደል?" አላት።

እናቴ መሬት መሬት አየች። "አይ አያ ሰይድ፣ ትተነዋል። ፈራን" አልኩት እኔ።

ማላመጡን አቆመ።

"ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ነው ቆላ የወረድኩት?"

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቢቆጣን ይሻለን ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ገባ፤ እናቴ ሹራቧን መልሳ ለበሰች። እንደገና ግን አልተሰበሰብንም። አዲሱን ጋጋሪ አናውቀውም ነበር፤ ሴቶቹም ተበታተኑ። መንግሥት ሲለወጥ ሰፊ አዳራሽ ሠራን፣ ድምፅ ማጉያ ሰቀልን። አያ ሰይድ አልደረሰበትም።

ይህን ሁሉ በሩን ለሚለካው ልጅ ነገርኩት። ጆሮውን ሰጥቶ ሰማኝ፤ ይህን አልክድበትም።

"የጽሑፍ ማስረጃ ይኖር ይሆን እማማ?"

"ጽሑፍ ቢኖር እኮ ሁላችንም እንታሰር ነበር።"

"ምስክርስ?"

"የነበሩት ሞተዋል። እኔ ነኝ ያለሁት።"

ራሱን አከከ። ያለ ማስረጃ ምን ብሎ ያቅርበው፤ አልፈረድኩበትም። ፍርዴ በእኛ ነው። ያኔ ከፍርሃት ዝም አልን፣ በኋላ ደግሞ ከምቾት። አንድ ሰው ሥራውን የሰጠበትን ክፍል እንኳን ለመንግሥት ለልጆቻችንም አልነገርን። አሁን ሊፈርስ ሲል ነው አፌ የተፈታው።

ላይ ልውጣ አልኩት። ያን ሁሉ እሑድ ታች ስጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ወጥቼበት አላውቅም። ደረጃው ሲንቋቋ ልጁ ከታች ያዘልኝ። ክፍሉ ጠባብና ባዶ ነው። ሳንቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች ልጁ ሲተነፍስ ሳይቀር ይሰማል። እናቴም በዚያ ቀን አፏን ይዛ፣ አያ ሰይድ ስለ አይጦቹ ሲመልስ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች ማለት ነው።

"ምን አለ እማማ እላይ?" አለ ልጁ።

"ዱቄትና አይጥ" አልኩት።

ታች የሚስቅ ሰው አልነበረም።