ጨረቃ ላነሳ ቡታጅራ ሄጄ

ንጋት፣ ወልቂጤ መናኸሪያ

ቴሌስኮፔን በጋቢ ጠቅልዬ ደረስኩ። የሚኒባሱ ሾፌር ጥቅሉን ከላይ እስከ ታች አየውና "አስከሬን ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ" አለኝ። ጨረቃ ፎቶ የማነሳበት ዕቃ መሆኑን ነገርኩት።

"ወልቂጤ ጨረቃ የለም እንዴ?"

ጨረቃማ አለ። ግን የወልቂጤዋ ጨረቃ ለማስረሻ አታማልድለትም። ለማንኛውም ጥቅሉ የአንድ ሰው ቦታ ስለያዘ የአንድ ሰው ሂሳብ ተከፈለለት።

ማስረሻ ይሄ ጎኔ ተቀምጦ ጫማውን በሶፍት የሚወለውለው ነው። ከጎጃም መጥቶ ወልቂጤ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ቡታጅራ ልብስ የምትሰፋ ምሕረት የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ችግሩ ያሳደጓት አክስቷ፣ እትዬ ዘነበች ናቸው። ሽማግሌ ሁለቴ ተላከ፤ ሁለቴም "እናስብበት" ብለው መለሱ። ሦስተኛው ከመላኩ በፊት እኔ ዘዴ አመጣሁ፦ ሁለቱን ትልቅ ጨረቃ ፊት አቁሜ አነሳቸዋለሁ፤ ፎቶውን አሳጥቤ ለእትዬ እሰጣለሁ፤ አለቀ። ሥራዬ ሠርግ ማንሳት ነው፤ በፎቶ ያልተሸነፈች አክስት አይቼ አላውቅም።

ረፋድ፣ አገና

አታትን አልፈን፣ ግራ ቀኙን እንሰት እያየን፣ አገና ለቁርስ ቆምን። ቆጮ በአይብና በጎመን። ማስረሻ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደ መድኃኒት ዋጠው።

"እትዬ ቤት እንዲህ ከበላህ አለቀልን" አልኩት።

"እየተለማመድኩ ነው እኮ።"

ተለማምዶ ተለማምዶ የኔንም ጨረሰው።

ተራራውን ስንወጣ ሾፌሩ በዚህ ቱቦ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ ጠየቀኝ። ቀላል ነው። በዓይን የሚታይበትን መነጽር ከቴሌስኮፑ ትነቅላለህ፣ በቦታው ሌንሱ የወለቀ ካሜራ በቀለበት ትገጥማለህ። ቴሌስኮፑ ራሱ ሌንስ ይሆናል። ወይ ዓይን ነው ወይ ካሜራ፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆንም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ከሰዓት፣ ቡታጅራ

እትዬ ዘነበች በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ስንደርስ አንድ ገበሬ ያመጣውን ጆንያ ሸራ ላይ ገልብጠው ይበረብራሉ። "አፉ ላይ ያለውማ ሁሌም ቀይ ነው" ይሉታል። ማስረሻ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሊል ሲል አስነጠሰው። "ይማርህ" አሉት፣ ከበርበሬው ቀና ሳይሉ።

ፈራ ተባ እያልኩ ነገሩን አስረዳሁ። ጨረቃዋ ትልቅ እንድትሆን ልጆቹ ከኔ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ጉብታ ላይ መቆም አለባቸው።

"ብቻቸውን?"

"ብቻቸውን።"

አንድ በርበሬ አንስተው ገለበጡ። "ይሂዱ። እኔ ካንተ ጋር እሆናለሁ።"

ምላሴን አደነቅኩ። እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፉ አልመሰለኝም ነበር።

ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ

ቴሌስኮፑን ማስረሻና ምሕረት የቆሙበት ጉብታ ላይ አነጣጠርኩ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው "እስቲ ልይ" አሉ።

"ምነው ተዘቀዘቁ?"

"በዓይን ሲታይ እንደዚያ ነው። ካሜራ ሲገጠም ይስተካከላል።"

"ግድ የለም፣ ፊታቸው ይታየኛል።"

ከጉብታው ጀርባ የጨረቃዋ ቀይ ጫፍ ብቅ አለ። "እትዬ፣ ካሜራውን ልግጠም።"

"ቆይ።"

"ጨረቃዋ ወጣች እኮ።"

"ነገም ትወጣለች።"

ስልኬ ጮኸ። ማስረሻ ነው። "አነሳኸን?"

"ጨርሰናል በለው" አሉኝ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳይነቅሉ።

"ገና አንድም..."

"ጨርሰናል በለው።"

ጨርሰናል አልኩት። ለዚች ጨረቃ አገር አቋርጬ መጥቼ የእትዬን ጀርባ አያለሁ።

"ጃኬቱን ሰጣት" አሉ እትዬ። "እምቢ አለች። እሰይ፣ ግትር ናት። አሁን ደግሞ ተንበረከከ።"

"ይጸልያል?"

"ከቀሚሷ ላይ ጭጎጎት ይለቅምላታል። አንድ በአንድ።" ወደ መነጽሩ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። "አሁን ደግሞ የቀሚሷን ጫፍ ጀመረ። እሷ ትስቅበታለች፣ እሱ ይለቅማል።"

እኔ ካሜራዬን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

"ሰው ፊት ሁሉም ጨዋ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ጆንያ ሳልገለብጥ ገዝቼ አላውቅም።"

ያኔ ገባኝ። ዘዴው የኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገና በርበሬው ሸራ ላይ ሳሉ ወስደውብኛል። ተናደድኩ፣ ደግሞም ሳቄ መጣ።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው "በል አሁን ግጠም" አሉኝ። ጨረቃዋ ከጉብታው ልትለቅ ምንም አልቀራትም። አንዲት ፎቶ አነሳሁ። ማስረሻ አሁንም ጭጎጎት ይለቅማል።

በማግስቱ፣ መልስ

ፎቶውን ቡታጅራ አሳጥቤ ሱቃቸው ወሰድኩላቸው። ብዙ አዩት። ለማስረሻ "ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው፣ ይምጡ። አስቤበታለሁ" አሉት። ምሕረት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ማስረሻ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በርበሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ሚስማር ፈልገው ፎቶውን ዘቅዝቀው ሰቀሉት።

"እትዬ፣ ተገልብጧል።"

"እኔ ያየሁት እንዲህ ነው።"

የመልሱ ሚኒባስ ሾፌርም ለቴሌስኮፑ የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀ። አልተከራከርኩም። ማስረሻ ተራራው ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ለምንድን ነው ግን ዘቅዝቀው የሰቀሉት?" አለኝ።

"በርበሬ ነጋዴ ናቸው" አልኩት።

ምንም አልገባውም። ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ።