ከቡራዩ የተከተላቸው ውሻ

ሰበታ ላይ «ጠጅቱ ልታዜም ነው» ከተባለ ሠርግ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀረላትን መሬት ለእኩል አራሽ እየሰጠች፣ በጓሮዋ ጎመንና ቃሪያ እየተከለች አንድ ልጇን ኢብሳን ያሳደገች ሴት ናት። ለቅሶም እልልታም ከአንድ ጉሮሮ ይወጣላታል። በየዓመቱ ለታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት በእግሯ ደብረ ሊባኖስ ስትሄድ፣ ዳገቱን የምታሸንፈው በእንጉርጉሮዋ ነው።

በ2008ቱ ታኅሣሥ ግን መንገዱ ራሱ ሰው የሚጠረጥር ይመስል ነበር። «ማስተር ፕላን» የሚሉት ነገር ከአዲስ አበባ ወጥቶ የዙሪያውን ገበሬ መሬት ሊውጥ ነው ተብሎ ተማሪው አደባባይ ወጥቷል፣ አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቶ ተከፍቷል፣ በየኬላው ወታደር ቆሟል። ኢብሳ በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ከፊት ከታዩት አንዱ ነበር። ሊይዙት ሲመጡ በጓሮ አጥር ዘሎ ጠፋ። ሳምንታት አልፈው አንድ የሚኒባስ ሾፌር ሂሳብ የሚመልስላት መስሎ ጎንበስ አለና፣

«ከሱሉልታ ማዶ ባሕር ዛፍ ከሚቆርጡት ጋር ነው» አላት። «በዚያ ስታልፊ የልጅነቱን እሹሩሩ በይለት። ድምፅሽን ሲሰማ ይወጣል።»

ጠጅቱ ልጇ ጥሎት የሄደውን ሹራብ በነጠላ ጠቅልላ ተነሣች። ለሰው ሁሉ «ስለት አለብኝ» አለች። አብረዋት የወጡት ሁለት ናቸው፦ ሸራውንና ስንቁን በአህያቸው የጫኑት አዛውንቱ ኦቦ ጎበና፣ እና ጎረቤቷ ብዙነሽ። የብዙነሽ ወንድም ቀበሌ ይሠራል። ስለዚህ ጠጅቱ ከሰበታ ጀምሮ ብዙነሽን ከፊቷ እንጂ ከኋላዋ አላስኬደቻትም።

«ጥቅልሽ ውስጥ ምንድን ነው?» አለቻት ብዙነሽ ዞር ብላ።

«የብርድ ልብስ።»

«የብርድ ልብስ እንዲህ ይታቀፋል? ክርስትና የምታስነሺው ሕፃን አስመሰልሽው እኮ!»

ጠጅቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ትንሽ ቆይታ አንጎራጎረች፦

ጥላዬ እንኳን ሲመሽ ይከዳል ከኋላዬ፣
ሰውንማ እንዴት ብዬ ልበል ጓደኛዬ።

ከቡራዩ ዳር፣ ከድንጋይ ካባው አጠገብ ሸራ ወጥረው አደሩ። ንጋት ላይ ሸራውን ሲያጥፉ ውሻው መጣ። ግራጫ ነው፤ ጆሮው የቆመ፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ማሰሪያ የታሰረለት። አልጮኸም። ኦቦ ጎበናን አሽትቶ አለፈ፣ ብዙነሽን አሽትቶ አለፈ፤ የጠጅቱ ጥቅል ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ቀብሮ ቀረ።

«ሂድ! ወግድ!» ጠጅቱ ጥቅሉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ተይው፣ ሃዳ ኢብሳ» አሉ ኦቦ ጎበና፤ የኢብሳ እናት ማለታቸው ነው። «በጻድቁ መንገድ የተቀላቀለ አይባረርም። ሰውም ይሁን እንስሳ። አባቶቻችን እንደዚያ ነው ያቆዩን።»

«ውሻ ምን ሊሳለም ነው ኦቦ?» አለች ብዙነሽ።

«በሩ ድረስ ሸኝቶን ይመለሳላ! ስንቱ ሰው ከበሩ ይመለስ የለ?»

ብዙነሽ ግን አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማሰሪያውን አዩት? ሰማያዊ ነው፣ እንደ ፖሊስ ልብስ። ሰንዳፋ የሚያሠለጥኑት ውሻ አይጮኽም ይባላል። አንዴ ካሸተተ ሰውዬውን ሳያገኝ አይመለስም።»

ጠጅቱ ጥቅሉን አየችው። ልጇን ፍለጋ ሹራቡን አቅፋ ስትሄድ፣ ለካ ጠረኑን ለአሳዳጆቹ እየበተነች ኖሯል!

ከዚያ ወዲያ ውሻው ባለበት ማንም ስለ መሬት አላነሣም። ከአዝመራ በቀር ወሬ የማይጥማቸው ኦቦ ጎበና እንኳን «የዘንድሮ ጤፍ...» ብለው ይጀምሩና፣ ውሻውን ሲያዩ «ብርዱስ እንዴት ነው?» ይላሉ። ጠጅቱ በእንጦጦ ጀርባ ያለውን ዳገት ሙሉ ቀን ወደ ኋላ እያየች ወጣችው። ውሻ ካለ የላከው ሰው አለ። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከኋላ ቢመጡ ከጭራሮው ሥር ጠመንጃ ታያት። ዣንጥላ የያዘ ቄስ ሰላም ቢላት ጫማውን መረመረች። ደግሞስ ብዙነሽ ስለ ፖሊስ ውሻ ይህን ሁሉ ከየት አወቀች?

ፀሐይ ስትጠልቅ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ሸራውን ወጥረው ሳይጨርሱ አህያው ጆሮውን አቆመ። ከወንዙ ዳር ጅብ አላዘነ፤ ሌላው መለሰለት። ወዲያው ጀርባቸው ጎበጥ ያሉ ጥላዎች በሣሩ ውስጥ ወደ አህያው ቀረቡ። ኦቦ ጎበና ጣሳ እየደበደቡ ተነሡ። ውሻው ግን ቀደማቸው። አህያውና ጅቦቹ መካከል ቆመና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰማ፤ ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል ማጉረምረም። ጅቦቹ አመነቱ። ዞሩ። እየሳቁ በሚመስል ድምፅ ወደ ወንዙ ወረዱ።

«ጀግና! አላልኳችሁም?» አሉ ኦቦ ጎበና።

«የመንደር ውሻ ቢሆን ጭራውን ሸጉጦ ሸራው ውስጥ ነበር የሚወሸቀው» አለች ብዙነሽ። «ይሄ የተማረ ነው።»

ውሻው መጥቶ ከጠጅቱ ጥቅል አጠገብ ተኛ። ጅቡን ያልፈራች ሴት እሱን ፈርታ ዓይኗ ሳይከደን ነጋ።

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። ሁለቱ አህያውን ሲጭኑ ጠጅቱ ድንጋይ አነሣች። የወረወረችው የፊት እግሩን አገኘው። እንደ ሕፃን አለቀሰና እያነከሰ ራቀ፤ ራቅ ብሎም ቆሞ አያት። ጉዞ ሲጀምሩ በሦስት እግሩ እየዘለለ ከሩቅ ተከተለ።

«ማርያምን፣ ምን ዓይነት ትእዛዝ ነው የተሰጠው?» አለች በሆዷ።

ባሕር ዛፉ ታየ። ከውስጡ የብዙ መጥረቢያ ድምፅ ይመጣል፤ ኳ... ኳ... ከመካከላቸው የልጇ ምት የቱ ይሆን? እሹሩሩውን ብታዜም ይወጣል፤ ቢወጣ ይያዛል። ዝም ብላ ብታልፍ ደግሞ አደጋውን ሳያውቅ ሊፈልጋት ወደ መንገዱ ይወጣል። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ልታየው የቋመጠችውን ልጅ በገዛ ድምፅዋ መለሰችው፦

ፍየሌ ፍየሌ ከዱር አትውጪ፣
ነብር ቆሟልና ቅጠሉን አላምጪ።

አንድ መጥረቢያ ዝም አለ። ሰምቷል። እንባዋን ዋጥ አድርጋ እርምጃዋን አፈጠነች።

ያኔ ውሻው ጆሮውን አቁሞ፣ አፍንጫውን ወደ ዛፉ አዙሮ ተወረወረ።

«ተመለስ! አንተ ውሻ፣ በተክልዬ ተመለስ!» ጠጅቱ ጥቅሉን እንዳቀፈች ከኋላው ሮጠች። ዛፎቹ መካከል ስትገባ የሰማችው ጩኸት አልነበረም። ሳቅ ነበር።

«ቦቢ! አንተ ሌባ፣ እዚህ ድረስ?»

ኢብሳ ከስቶ፣ ጺም አብቅሎ፣ ውሻውን እንደ በግ ግልገል ታቅፎ ቆሟል። ውሻው ፊቱን ይልሰዋል።

«አትውጣ አላልኩህም?» አለች ጠጅቱ።

«ብለሽኛል፣ እማዬ። ቦቢ ግን የእኔ ነው። ቡራዩ፣ ከድንጋይ ካባው ዘበኛ ጎጆ ተደብቄ ስከርም እንጀራዬን ከሱ ጋር ነበር የምካፈለው። ጠረኔን ይዘሽ አልፈሽ ይሆናል...» ጎንበስ አለ። «እግሩን ምን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አለች። ቀርባ የውሻውን አንገት ዳሰሰች። ሰማያዊው ማሰሪያ የልጇ የደብተር ቦርሳ ማንገቻ ነበር። ሲበጠስ በነጭ ክር የጠቀመችው የራሷ ስፌት መሐሉ ላይ ተጋድሟል። ሙሉ መንገድ ይህን ስፌት ፈርታ ነበር የመጣችው።

ኢብሳን ሹራቡን አለበሰችው። ቀና ስትል ብዙነሽ ከኦቦ ጎበና ጋር ዛፉ ሥር ቆማ ሁሉንም ታያለች። ብዙነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወደ መንገዱ ዞረች።

«እኔ ያየሁት ውሻ ብቻ ነው» አለች። «አንቱስ፣ ኦቦ?»

«የእኔ ዓይንማ ከደከመ ቆየ።»

ኢብሳና ውሻው ወደ ዛፎቹ ውስጥ ሲገቡ መጥረቢያው እንደገና ተሰማ። መንገድ ላይ ብዙነሽ እንደ ልማዷ ልትቀድም ስትል ጠጅቱ ክንዷን ያዘችና አለፈቻት። ባዶ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ጀርባዋን ለብዙነሽ ሰጥታ ሄደች። ዳገቱ ላይ ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ዞር ብላ አየች።